«ሀ» በስምንት ቁጥር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አጎቴ ከጅዳ ስላመጣው ኮምፒውተር ጽፌ ነበር። ሳኽር ይባላል። አል ዓለሚያ የተባለ የኩዌት ድርጅት ጃፓን እያሠራ ለአረብ አገሮች ይሸጠው የነበረ፣ ኪቦርዱና ሌላው አካሉ አንድ ላይ የሆነ፣ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር እየተገጠመ የሚሠራ ማሽን ነው። እኛ ቤት የደረሰው በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። እዚያው ጽሑፍ ላይ «ሀ» እና «ሁ»ን ስክሪን ላይ የሚያወጡትን ቁጥሮች አሳትሜ ሞክሯቸው ብዬ ነበር። ሞክራችኋል! ደብዳቤው ከጠበቅሁት በላይ ሆነብኝ። ዛሬ ሰባቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልህ ከኮምቦልቻ ነው፤ የሂሳብ መምህር ነኝ። ጽሑፍህን ለልጄ አነበብኩለት። «አባ፣ የኔ ስልክ ከዚያ ማሽን በስንት እጥፍ ይበልጣል። ሰውዬው የናፈቀው ልጅነቱን ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ መምህር፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። ልጅነቴ ይናፍቀኛል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ፣ እናቴ ቡና እያፈላች፣ እኔና ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ፊት በደረታችን ተኝተን ቁጥር ስንጽፍ ይታየኛል። ግን ማሽኑም ለብቻው ይናፍቀኛል። ይሄኛው ሌላ ናፍቆት ነው።

እስቲ ልጅዎን እንዲህ ይበሉት፦ «ስልክህ ላይ ከላይ ሦስተኛው መስመር፣ ከግራ አሥረኛዋን ነጥብ ብቻ ቀይ አድርጋት።» የዛሬ ስልክ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ያለው ብዙ ነው። አንዷን ለማብራት ግን ስንት ነገር ዳውንሎድ ማድረግ፣ ስንት ነገር መጫን አለበት። የኛ ማሽን በአግድም 256፣ በቁመት 192 ነጥብ ነበረው፤ በድምሩ 49,152። ትንሽ ነው። ግን የፈለግናትን ነጥብ በአንድ መስመር ትእዛዝ እናበራት ነበር። ማሽኑ ሲነሳ 28,815 ባይት ነጻ ነው ብሎ ይጽፋል፤ ለፕሮግራማችን ያለን እሱ ነው።

ፊደሉን እንውሰድ። እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 በሆነ ቦታ ላይ ነው የሚሣለው። እኛም የሂሳብ ደብተር ላይ፣ ያ ካሬ ካሬ የተሰመረው ላይ፣ 64 ቤት እንከልላለን። ከላይ ወደ ታች ስምንት ረድፍ። በየረድፉ ያሉት ስምንት ቤቶች ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 የሚል ዋጋ አላቸው። የተጠቆሩትን ቤቶች ዋጋ መደመር ነው። ለ«ሀ» ሁለተኛውና ሰባተኛው ቤት ሲጠቁሩ 64 እና 2፣ 66 ይሆናል። እሱ አምስት ረድፍ ይደገማል፤ ወደ ላይ የተዘረጉት ሁለቱ ክንዶቿ ናቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ስትል 32 እና 4፣ 36። ታች ስትገጥም 16 እና 8፣ 24። የመጨረሻው ረድፍ ባዶ፣ ዜሮ። በቃ፣ «ሀ» ስምንት ቁጥር ሆነች።

ማሽኑ «ኤ» የሚለውን የላቲን ፊደል መልክ፣ ስክሪን 1 በተባለው የጽሑፍ ማሳያው ላይ፣ የሚያስቀምጠው ከማስታወሻው ቦታ ቁጥር 520 ጀምሮ ነው። የኤ ቁጥር 65 ነው፤ 65 ጊዜ 8፣ 520። ቪፖክ በሚለው ትእዛዝ ስምንቱን ቁጥሮች ከ520 እስከ 527 አስገባናቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ የነበሩት «ኤ»ዎች በሙሉ ባንዴ «ሀ» ሆኑ። ፕሮግራማችን ውስጥ ያሉትም ጭምር! ወንድሜ ከመቀመጫው ተነስቶ ጮኸ። እናቴ መብራት የያዘው መስሏት ሮጣ መጣች።

ማንዋሉ በአረብኛ ነበር፤ እኛ ደግሞ አንድም ቃል አናውቅም። ጎረቤታችን ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ ነበር፤ ዓመታት ቂራት ላይ የከረመ፣ ነሕው የሚባለውን የአረብኛ ሰዋስው ጠንቅቆ ያወቀ። ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ማንዋሉን ግን ልክ እንደ ኪታብ እግሩን አጣጥፎ ቁጭ ብሎ ያነብልን ነበር። «ዛኪራ» ሲል ማስታወሻ፣ «ሻሻ» ሲል ስክሪኑ መሆኑን ቀስ በቀስ ደረስንበት። አንድ ቀን ከ«ሀ» ቀጥለን «ሁ»ን ሠራን። ከስምንቱ ቁጥሮች የምትለወጠው አንዷ ብቻ ናት፤ ቀኝ ጎኗ ላይ አንዲት ነጥብ ትጨመራለች። ደረሳው ዝም ብሎ አያትና «ይሄማ ኑቅጣ ነው» አለ። በአረብኛ ባ እና ታ አካላቸው አንድ ነው፤ ባ ከሥሩ አንድ ኑቅጣ፣ ታ ከላዩ ሁለት ኑቅጣ አለው። ፊደሉን የምትለየው ነጥቧ ናት። ማንዋሉም የስክሪኑን ነጥብ «ኑቅጣ» ነው የሚላት። ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ቤት ፒክስል ኑቅጣ ሆነች፤ እስከ ዛሬ ከወንድሜ ጋር ስናወራ እንደዚያው ነው የምንላት።

ሙሉ ገበታውን ለማስገባትም አስበን ነበር። 33 ጊዜ 7፣ 231። ማሽኑ ባንድ ጊዜ 256 ፊደል ይይዛል፤ ስለዚህ ይገባል። ግን የሚተርፈው 25 ቦታ ነው፤ ትእዛዝ የምንጽፍባቸው የላቲን ፊደላትና አኃዞች አይበቃቸውም። ስለዚህ ለጨዋታው የሚያስፈልጉንን ብቻ እየለየን ሠራን። ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለው የእንግሊዞች ማሽን ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ እንዲሥላቸው የተወለት 21 ፊደል ነው። 21 ማለት ልክ ሦስት ቤት ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ከነሰባት ሰባታቸው። ይሄን ያወቅሁት አድጌ ነው፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ለልጅዎ ይሄን ይንገሩልኝ። የናፈቀኝ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ከየት እንደመጣ የማላውቀው አንድም አለመኖሩ ነው።

ጥያቄ፦ «ሐረጎ» የሚባል የመኪና ጌም ሠርተን ነበር ብለህ በአንድ አረፍተ ነገር አለፍከው። እኔ ሹፌር ነኝ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው የምኖረው፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በቀን ሁለቴ እወርደዋለሁ። ያ መንገድ እንዴት ነው ቴሌቪዥን ውስጥ የገባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ሹፌር ስለጠየቀኝ ደስ ብሎኛል፤ እንደ ልቤ ልዘርዝረው።

መሠረቱ አንድ ነገር ነው። ስክሪኑ ሞልቶ ታች አዲስ መስመር ሲጻፍ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አንድ መስመር ወደ ላይ ይገፋል። የሚገፋው ማሽኑ ራሱ ነው፤ እኛ ምንም አንደክምም። የኛ ሥራ ታች ላይ ሁለት ኮከብ መጻፍ ብቻ ነው፤ አንዱ የግራ ጠርዝ፣ አንዱ የቀኝ ጠርዝ፣ መሃሉ አስፋልት። በየመስመሩ ሁለቱን ኮከቦች አንድ ቦታ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ፈቀቅ እናደርጋቸዋለን፤ ወይ እዚያው እንተዋቸዋለን። ወዴት እንደሚሄዱ ማሽኑ ዕጣ ያወጣል፦ 0፣ 1 ወይ 2፤ ከወጣው ላይ አንድ ትቀንሳለህ። ኮከቦቹ ወደ ላይ ሲሮጡ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል። መኪናችን ከስክሪኑ ላይኛው በኩል ቆማለች፣ አፍንጫዋ ወደ ታች ነው። መንገዱ ከሥር እየመጣ ስለሚያልፋት የምትወርድ ትመስላለች። ብዙ የመኪና ጌም ሽቅብ ነው የሚነዳው፤ የኛ ቁልቁል ነበር። ለደሴ ልጅ ኮምቦልቻ ምንጊዜም ቁልቁል ናት።

መኪናዋ ጠርዝ መንካቷ በምን ይታወቃል? ስክሪን 1 ላይ የሚጻፈው ሁሉ ከ6144 ጀምሮ ይቀመጣል፣ በየመስመሩ 32 ቦታ። መኪናችን ያለችው ከላይ አምስት መስመር ተዘልሎ ነው፤ 5 ጊዜ 32፣ 160። ስለዚህ 6304 ላይ መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ ቁጥር ትደምርና እዚያ ምን እንዳለ ማሽኑን ትጠይቀዋለህ። 42 ካለህ ኮከብ ነው። ገደል ገባህ ማለት ነው።

ፕሮግራም የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ቤዚክ፣ ዘገምተኛ ነው። መጀመሪያ ላይ መኪናችን እንደ በቅሎ ነበር የምትወርደው። ከፕሮግራሙ ውስጥ የማያስፈልገውን ባዶ ቦታና ማስታወሻ እየለቀምን ስናወጣ ፈጠን አለች። አንዲት መስመር ማሳጠር የሚሰጠውን ደስታ ዛሬ በምን እንደማስረዳ አላውቅም። ትቀንሳለህ፣ ታስነሳለህ፣ መንገዱ በዓይንህ ፊት ይፈጥናል።

አሁን ደግሞ ላንተ የሚሆነው ነገር። ጌሙን በከፈትን ቁጥር መንገዱ ያው ነበር! ማሽኑ ዕጣ አወጣሁ ይላል እንጂ የሚያወጣው ቀድሞ የተወሰነ የቁጥር ተራ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ ተራውም ከሀ ይጀምራል። ወንድሜ ኩርባዎቹን በቃሉ ያዛቸው። ግራ፣ ግራ፣ ቀጥ፣ ቀኝ እያለ ቴሌቪዥኑን ሳያይ ይነዳ ነበር። እኔ ይሄ ጉድለት ነው አልኩ። ደረሳው ማንዋሉን ሲያገላብጥ መድኃኒቱን አገኘልኝ፦ ዕጣው ከመጀመሩ በፊት የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ ቁጥር ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጎ ለዕጣ ማውጫው መስጠት። አስገባሁት። መንገዱ በየጊዜው ሌላ ሆነ። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተጫወተና ተወው። «ሐረጎ እኮ ኩርባው አይቀያየርም» አለኝ። እውነቱን ነው። አወጣሁት። ያንተስ እጅ ስንተኛው ኩርባ ላይ ማርሽ እንደሚቀንስ ራሱ አያውቅም እንዴ?

ጥያቄ፦ እኔ ከወልድያ ነኝ። በ1990ዎቹ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገብቼ ኪውቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ተምሬያለሁ። አበባ የሚሥል ፕሮግራም ነበረኝ፣ በፍሎፒ ያስቀመጥኩት። በጦርነቱ ጊዜ ቤታችንን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ዕቃው ሁሉ ተበትኖ ጠበቀን። ከፍሎፒዎቼ ሦስቱ ተርፈዋል፤ የሚያነብልኝ ግን አጣሁ። ሁለት ጎሪላዎች ሙዝ የሚወራወሩበት ጌምስ ዛሬ ይገኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሁለቱም መላ አላቸው።

ከፍሎፒው እንጀምር። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አለ፤ የዛሬ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ግን ፍሎፒውን ከማስገባትሽ በፊት ያቺን ብረት መዝጊያ ገፋ አድርገሽ ውስጡን በብርሃን እዪው። አቧራ ወይ የሻጋታ ነጠብጣብ ካለ አታስገቢው፤ ማንበቢያውንም ያበላሽብሻል። ንጹሕ ከሆነ፣ ጥጉ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ከፍተሽ እንዳይጻፍበት አድርጊና ባነበበ በመጀመሪያው ጊዜ ሁሉንም ኮፒ አድርጊ። ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥሽ ይችላል። ኪውቤዚክ ፕሮግራሙን የሚያስቀምጠው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ በኖትፓድም ይከፈትልሻል።

ጎሪላው ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዶስ 5 ከተባለው የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር፣ ከኪውቤዚክ ጎን አብሮ የመጣ ነው። እባብ የሚሮጥበትም ነበረ። ዛሬ ዶስን በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ዶስቦክስ ላይ፣ ኪውቤዚክን ከፍተሽ ትጫወቺዋለሽ፤ ወይም ኪውቢ64 የሚባለውን በነጻ አውርደሽ የድሮ ፕሮግራሞችሽን እዚያ አስነሺ። የዚያ ጌም ትልቁ ነገር ኮዱ ክፍት መሆኑ ነው። ማዕዘንና ፍጥነት ትሰጫለሽ፣ ነፋሱ ሙዙን ይገፋዋል፣ የመሬት ስበትን ደግሞ ሲጀመር ይጠይቅሻል፦ 9.8። ዝቅ አድርገሽ 2 ብትይው ሙዙ ከስክሪኑ ወጥቶ የሚመለስ አይመስልም። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አይተነው ያልገባን ነገር እዚያ ላይ ነው የገባን።

ፍሎፒው እምቢ ካለም አበባሽ አትጠፋም። ስክሪን 13 ላይ፣ 320 በ200 ነጥብና 256 ቀለም ባለው፣ እንደገና እንሥላታለን። መሃል ላይ ቁሚ፣ ማዕዘኑን ከዜሮ ጀምረሽ ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ዙሪ፣ በየማዕዘኑ ከመሃል የምትርቂውን ርቀት ኮሳይን ይወስንልሽ። ማዕዘኑን በ5 አባዝተሽ ኮሳይን ብትወስጂ አምስት ቅጠል ይወጣል። በ4 ብታባዢው ግን ስምንት ነው የሚወጣው፤ ጎዶሎ ቁጥር ራሱን፣ ሙሉ ቁጥር እጥፉን ይሰጣል። ያንቺ አበባ ስንት ቅጠል ነበራት? ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከሐይቅ ነው የምጽፍልህ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ድሮ ከሳዑዲ ይዞት የመጣ እንዲህ ያለ ማሽን ሳጥን ውስጥ አገኘሁ። ከነካሴቶቹ ነው። የልጅ ልጄ ይሰካ ይላል። ልሰካው?

መልስ፦ እትዬ፣ እባክዎ እንዳይሰኩት! መጀመሪያ ከጀርባው ወይ ከትራንስፎርመሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ልጁ ያንብብልዎ። ሳዑዲ ብዙ ቤት 110 ወይ 127 ቮልት ነበር፤ የኛ 220 ነው። በዚያ ከተሠራ በሰኮንድ ውስጥ ይቃጠላል። ቮልቱ ልክ ቢሆንም ብዙ ዓመት ሳይሠራ የከረመ ማሽን ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ይደርቃሉ ወይ ያፈሳሉ። እጁ የታመነ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ይፈልጉ፤ ከፍቶ ይይላቸው፣ የሚወጣውንም ቮልት ማሽኑ ላይ ሳይገጥም ለብቻው ይለካው።

ካሴቶቹ ከማሽኑ ይበልጣሉ። ማሽኑ ሌላ ይገኛል፤ ባለቤትዎ በእጃቸው የጻፉት ነገር ካሴቱ ላይ ካለ ግን እሱ ሌላ ቅጂ የለውም። በሚሠራ ንጹሕ ቴፕ ያስነሱትና ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት። የሚሰማው ጩኸት ነው፣ አይደንግጡ። ጩኸቱ ነው ፕሮግራሙ። በሰኮንድ 1,200 ቢት እየተባለ በድምፅ የተቀዳ ነው፤ 10 ኪሎባይት ለመጫን አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። እኛ ቤት አንድ ካሴት አለ። እናቴ የምትወደው መንዙማ ነበረበት፤ ባዶ ካሴት አጥቼ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሐረጎን ቀዳሁበት። መብራት ስለሚጠፋ ሁለት ሰዓት የጻፍነው እንዳይሄድብን ፈርቼ ነው። መንዙማው መሃል ላይ ይቆረጥና ጩኸቱ ይጀምራል። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ ዝም ነው ያለችው፤ እሱ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። ካሴቱን ዲጂታል ሳደርገው ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ አልቆረጥኳቸውም።

ጥያቄ፦ ከባቲ። ክራር እጫወታለሁ። ያ ማሽን ድምፅ ነበረው? ቅኝት ይወጣበታል?

መልስ፦ ይወጣበታል! ሦስት ድምፅ ባንድ ጊዜ ያወጣል፣ የከበሮ የሚመስል የሹሹታ ድምፅም አለው። ፕሌይ ብለህ የኖታውን ስም ትጽፍለታለህ። ለትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ላገርህ ለባቲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። አምባሰል ላይ ሬውንም ላውንም ግማሽ ዝቅ ማድረግ አለብህ፤ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ቦታ ነው ያገኙት፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሞከርናቸው እነሱን ነው። የቸገረን የማሲንቆው ነገር ነው። ጣት ክሩ ላይ ተንሸራትቶ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲያልፍ፣ ፕሌይ ያንን አይችልም፤ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይዘላል። በኋላ ሳውንድ በሚለው ትእዛዝ የድምፁን ቁጥር አንድ አንድ እያልን ስንቀንስ ተንሸራተተልን። ያ ሌሊት ጎረቤት ሳይቀር አልተኛም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ 10ኛ ክፍል ነኝ። ላፕቶፕ የለኝም፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። እኔስ እንዴት ልቅመሰው?

መልስ፦ በስልክህ ብሮውዘር ዌብኤምኤስኤክስ የሚባለውን ክፈት። የኛን ዓይነት ማሽን ከነቤዚኩ ስልክህ ላይ የሚያስመስል ነው። በስልክ ኪቦርድ መጻፉ ያደክማል፤ የጓደኛ የዩኤስቢ ኪቦርድ ካገኘህ ከስልክህ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ማያያዣ ይበቃሃል። አዲስ ነገር መሥራት ካሰኘህ ደግሞ ቲክ80 አለ። በነጻ ነው፣ ሆን ተብሎ ትንሽ የተደረገ ማሽን ነው፦ 240 በ136 ነጥብ፣ 16 ቀለም። ድምፁም፣ ሥዕሉም፣ ኮዱም እዚያው ውስጥ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ የምትሠራው ኳስ ይሁን። አንድ ቁጥር ኳሷ ያለችበት ቦታ ነው፣ ሌላው እርምጃዋ። ቦታው ላይ እርምጃውን ደምር፤ ጠርዝ ስትደርስ የእርምጃውን ምልክት ገልብጥ፣ 1 የነበረው መቀነስ 1 ይሁን። የድሮዋን ኳስ አጥፋ፣ አዲሷን ሣል፣ ድገም። ማጥፋቱን ብትረሳ ኳሷ ኋላዋ መስመር እየጎተተች ትሄዳለች፤ እሱንም ሆን ብለህ ሞክረው፣ ያምራል።

ቀለም ላይ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የኛ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም በቁጥር ነው የምንመርጠው፤ ለጦሳ ተራራ 12 ቁጥርን የመረጥኩት ከአመዱ ሁሉ ደስ የሚል አመድ ስለነበረ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ፕሮግራም ዳግም ስከፍተው 12 ቁጥር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ጦሳ በክረምት እንደሚሆነው። ለወንድሜ ደውዬ «ተራራው ልክ ነው» አልኩት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጥያቄ፦ ከመርሳ ነው። ያተምከውን የ«ሁ» ቁጥር ሞከርኩት። ቀኝ ክንዷ ተሰብሮ ወጣ። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ አንተ አልተሳሳትክም፤ ስህተቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ። አራተኛው ረድፍ ላይ 68 ብዬ አትሜአለሁ። 68 ማለት 64 እና 4 ነው፤ የቀኙ ክንድ አንድ ቤት ወደ ውስጥ ገባ፣ ጭረቷም ጠፋች። ሌሎቻችሁም ጽፋችሁልኛል፤ አንዳንዶቻችሁ ደብተር ላይ ሥላችሁ ራሳችሁ አርማችሁታል። በፊት መጽሔቶች ፕሮግራም በገጾቻቸው ሲያትሙ እንዲህ አንድ ቁጥር ስታች አንባቢው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ ያድር ነበር፤ እናንተንም እንደዚያ ስላደረግኳችሁ ከልቤ አዝኛለሁ።

ዛሬ በስልካችሁ ስትጽፉ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 ናቸው፤ ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ቁጥር አለው። መልካቸውን ግን ሌላ ሰው ነው የሣለልን። ይሄኛውን እናንተ ሣሉት። የቀኙ ክንድ ሰባተኛው ቤት ላይ እንዳለ ይቆይ፣ ስምንተኛው ቤት ላይ አንዲት ኑቅጣ ጨምሩ፦ 64፣ 2 እና 1። ሙሉው ይኸው፦

66፣ 66፣ 66፣ 67፣ 66፣ 36፣ 24፣ 0።